ኮካ ለማን ተገደበ? ስለ አዋሽ መስኖና ስለ ግድቡ ታሪክ የቀረበ ምላሽ

ጠያቂው ያነሱት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የኮካ ግድብ የተሠራው ለወንጂ የሸንኮራ አገዳ ልማት ውኃ ለማጠራቀም ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ? ከግድቡ በታች እስከ አፋር ድረስ የተዘረጉትን የመስኖ እርሻዎች ምን ጠቀማቸው፣ ምንስ ጎዳቸው? ሐይቁ በደለል እየሞላ ከሆነ ለምን አይጠረግም? ሦስቱ ጥያቄዎች ተያያዥ ስለሆኑ በአንድነት እመልሳቸዋለሁ። በምላሹ ውስጥ የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ እውነት አይደለም። ወንጂ ኮካን በዕድሜ ይቀድማል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኤች.ቪ.ኤ. ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር በወንጂ ሜዳ 5,000 ሔክታር መሬት ለማልማት የተዋዋለው በ1951 ሲሆን፣ ፋብሪካው ስኳር ማምረት የጀመረው በ1954 ነው። ኮካ ተጠናቆ ሥራ የጀመረው ግን በ1960 ነው። አገዳው ስድስት ዓመት ሙሉ የጠጣው ምንም ግድብ ካልገታው ከአዋሽ በፓምፕ እየተሳበ የሚመጣውን ውኃ ነበር። ሆኖም ስሕተቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ ግድቡ ከተሠራ በኋላ ከወንጂ እስከ አሳይታ ያለው የመስኖ እርሻ ሁሉ ህልውናው በኮካ ላይ ስለ ተመሠረተ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚያስብ ሰው ግድቡ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገሩን ለመረዳት ወንዙን ማየት ይጠቅማል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ ላይ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ውኃው የሚገኘው ከደጋው ክረምት ነው፤ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፣ በበጋ ግን እየቀጠነ ይሄዳል። ቆላው ደግሞ ውኃ በብርቱ የሚፈልገው በዚያው በበጋው ነው። ስለዚህ ወንዙ ውኃ ሲኖረው እርሻው ብዙም አይሻውም፣ እርሻው ሲሻው ወንዙ የለውም። አንድ ማጠራቀሚያ ግድብ የሚያስታርቀው ይህንን የወቅት አለመገጣጠም ነው። ኮካም ይህን አድርጓል፤ ያደረገው ግን ለሌላ ባለጉዳይ ሲሠራ ነው።

ባለጉዳዩ መብራት ኃይል ነበር። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ያዝዛል። ክፍያው ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ በ1956 በሁለቱ መንግሥታት መካከል በተደረሰ ስምምነት ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ተቋጨ፤ የኮካ ግድብና የኃይል ማመንጫው የተሠሩትም ከዚሁ ካሳ ነው። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ከውኃ ኃይል የምታገኘው በአቃቂ ወንዝ ላይ ከተሠራው ከአባ ሳሙኤል የሚመጣውን ጥቂት ሜጋ ዋት ነበር። ኮካ በሦስት ተርባይኖች 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ለዋና ከተማዋና በአቃቂ መስመር እየተተከሉ ለነበሩት ፋብሪካዎች ትልቅ እርምጃ ሆነ። በ1966 አዋሽ ሁለት፣ በ1971 ደግሞ አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ከታች በመልካሳ አካባቢ ተጨመሩ። እነዚህ ሁለቱ የራሳቸው ትልቅ ማጠራቀሚያ የላቸውም፤ ከኮካ የሚለቀቀውን ውኃ እየተቀበሉ ወንዙ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ዳግመኛ የሚያሠሩ ናቸው። ሦስቱም በአንድ ማጠራቀሚያ የሚተዳደሩ በመሆናቸው ኮካ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ የሦስት ጣቢያዎች ውሳኔ ነበር።

ይህ ለመስኖ ያመጣው ጥቅም ከሥራው ባሕርይ የመነጨ ነው። መብራት በክረምትም በበጋም፣ በቀንም በሌሊትም ያስፈልጋል። ስለዚህ የኃይል ማመንጫ አስተዳዳሪው የክረምቱን ጎርፍ ያስቀርና ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን ይለቃል። ተርባይኑን ያዞረው ውኃ ደግሞ አይጠፋም፤ ወደ ወንዙ ተመልሶ ቁልቁል ይሄዳል። እናም በመጀመሪያ ሲገደብ 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዝ የነበረው ሐይቅ ቀድሞ በጥርና በየካቲት ኮረቱ ይታይ የነበረውን የታችኛውን አዋሽ በበጋ ውኃ ያለው ወንዝ አደረገው። ጥጡም፣ አገዳውም፣ ሙዙም የበቀለው የአዲስ አበባ አምፖል እንዲበራ በተለቀቀ ውኃ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ልዩነት ግን እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ወንጂ ያለው በኮካና በአዋሽ ሁለት መካከል ነው። ስለዚህ ወንጂ ላይ በፓምፕ የሚሳበው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውኃ ኮካ ላይ አንድ ጊዜ ኃይል ቢሰጥም ለመልካሳዎቹ ሁለት ጣቢያዎች አይደርስም። የኑራ ኤራ፣ የመተሐራ፣ የአሚባራና የተንዳሆ እርሻዎች ግን ከሦስቱም ጣቢያዎች በታች በመሆናቸው ከኃይል ማመንጫው ጋር በመጠን አይሻሙም፤ የሚሻሙት በጊዜ ነው። መብራት ኃይል ውኃውን ለሚቀጥለው ደረቅ ወር ቆጥቦ ሲያቆይ፣ የታች አራሾች ዛሬ እንዲለቀቅላቸው ይፈልጋሉ። በተፋሰሱ ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት የተካሄደው ክርክር በአብዛኛው የዚህ ዓይነት የጊዜ ክርክር ነው።

የመስኖውን ዕድል በቶሎ የተረዳው መንግሥት በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም በዚያው ሰሞን የተፋሰሱን አፈር፣ ውኃና ለመስኖ የሚመች መሬት አስጠንቶ በ1965 ሪፖርቱ ወጣ። በ1964 የተቋቋመው የወረር የእርሻ ምርምር ጣቢያም የዚህ ዘመን ውጤት ነው። ባለሥልጣኑ በወረቀት ላይ ሰፊ ሥልጣን ነበረው፤ መሬት ይመራል፣ ውኃ ያከፋፍላል፣ ክፍያ ይሰበስባል። የግድቡ በር ግን በእጁ አልነበረም። ውኃ ለማከፋፈል የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የውኃውን ቁልፍ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዞበት መኖሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ በአዋሽ አስተዳደር ታሪክ ውስጥ ከተፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ዋነኛው ነው። በኋላ የተፈራረቁት ተተኪ መሥሪያ ቤቶችና በ1998 በአዋጅ የተቋቋመው የአዋሽ ተፋሰስ ኤጀንሲም ይህንኑ ጉድለት ወርሰዋል።

እርሻዎቹ በፍጥነት ተስፋፉ። በ1962 በወንጂ ሁለተኛው ፋብሪካ፣ ሸዋ የተባለው፣ ተከፈተ። ኤች.ቪ.ኤ. ቀጥሎ ወደ መተሐራ ወርዶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሦስተኛውን ፋብሪካ ተከለ። መተሐራ ከወንጂ የሚለየው ውኃው ከወንዝ ጠለፋ በስበት ኃይል ወደ ቦዮቹ ስለሚገባ የፓምፕ ወጪ የሌለበት መሆኑ ነው፤ ይህ ጥቅም ግን ጉዳትም አለው፣ ውኃው በነጻ የሚመጣ ስለሚመስል ከመጠን በላይ ይለቀቃል። ከአዋሽ ሰባት ከተማ በታች በመልካ ሰዲና በአሚባራ ጥጥና ሙዝ፣ በታችኛው ሸለቆ ደግሞ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በሽርክና ያቋቋመው የተንዳሆ እርሻ በዱብቲና በዲት ባሕሪ ጥጥ አመረቱ።

ይህ ሁሉ መሬት ባዶ አልነበረም፤ በዘመኑ ሰነዶች «ጠፍ» መባሉ እውነታውን አይለውጠውም። በወንጂና በኮካ ሜዳ የጂሌ ኦሮሞዎች፣ በመተሐራ የከረዩ ኦሮሞዎች፣ ከዚያ በታች አፋሮች ከብታቸውን በበጋ የሚያሰማሩት በወንዙ ዳር ነበር። ለአርብቶ አደር የወንዝ ዳር መሬት ከጠቅላላው ግዛቱ ጥቂቱ ቢሆንም ዋናው ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱን የሚያተርፍለት እሱ ብቻ ነውና። የከረዩዎች ጉዳት ድርብ ነበር፤ በአንድ በኩል የአገዳ እርሻው፣ በሌላ በኩል በዚያው በ1960ዎቹ የተከለለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ግጦሹን ወሰዱባቸው።

ግድቡ ራሱም ብዙ ጊዜ የማይነገር የእርሱ ብቻ የሆነ ድርሻ አለው። የክረምቱ ሙላት ለአፋር አርብቶ አደር አደጋ ብቻ አልነበረም። ሙላቱ ሜዳውን አልብሶ ሲሸሽ እርጥበቱና አዲሱ ደለል ሣሩን እስከ በጋው አጋማሽ ያቆይለት ነበር። ኮካ የሙላቱን አናት ሲቆርጠው የመስኖ እርሻዎቹ ከጎርፍ በከፊል ተገላገሉ፤ በአንጻሩ ሙላት የሚያጠጣው የግጦሽ መሬት ጠበበ። በ1972 እና በ1974 መካከል ድርቁ ወሎንና አፋርን ሲመታ ከብቱ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ጥጥ ተዘርቶበት ነበር። ድርቁን እርሻዎቹ አላመጡትም፤ የድርቁን ጉዳት ግን እንዳባባሱት አልጠራጠርም። ይህን ስናገር የአፋርን ኅብረተሰብ በአንድ ወገን ብቻ ማየት እንደማይገባም መጨመር አለብኝ፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በ1960ዎቹ በራሳቸውና በባላባቶቻቸው እጅ ሰፊ የጥጥ እርሻ አስፋፍተው ነበር። በአውሳ በመስኖ ማረስ ኩባንያዎቹ ከመምጣታቸው በፊትም የታወቀ ነው።

በ1975 እርሻዎቹና ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ተወረሱ፤ ሱልጣኑም በዚያው ዓመት ተሰደዱ። ደርግ የመንግሥት እርሻዎችን በማስፋት በተለይ በመካከለኛው አዋሽ የአሚባራን መስኖ በውጭ ብድር አሳደገ። የአዋሽ መስኖ ዋና የቴክኒክ ውድቀትም የታየው እዚሁ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

የአዋሽ ውኃ ለመስኖ ጥሩ ውኃ ነው፤ ጨው አለበት የሚባል አይደለም። ነገር ግን ማንኛውም የወንዝ ውኃ ጥቂት የሟሟ ጨው ይይዛል። ተክሉ ውኃውን ሲጠጣና ፀሐይ ስታተንነው ጨው አይተንም፤ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። መሬቱ ከሥሩ ጥሩ ማጠንፈፊያ፣ ማለትም ትርፍ ውኃ የሚወጣበት መንገድ፣ ካለው ትርፉ ውኃ ጨውን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። በመልካ ሰዲና በአሚባራ ግን መስኖው ሲጀመር የማጠንፈፊያ ቦይ አብሮ አልተሠራም፤ ቦዮቹ የሚያሰርጉትና ከመጠን በላይ የሚለቀቀው ውኃ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከዓመት ዓመት እያነሣ አንድ ሜትር ተኩል እስኪቀረው ድረስ ወደ ላይ አመጣው። ከዚህ ደረጃ በኋላ አፈሩ ውኃውን ከሥር ወደ ላይ ራሱ ይስበዋል፤ ከዚያም ሥራው የፀሐይዋ ብቻ ነው። በማሳው ላይ የሚታየው ምልክት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በፈሩ ጉብታ አናት ላይ፣ ውኃ በማይደርስበት ጫፍ፣ ስስ ነጭ ሽፋን ይወጣል። ቀጥሎ የጥጡ ብቅለት ይሳሳና ማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም ራሰ በራ ቦታ ይታያል። በቅሎ የቆየውም ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ይነዳል። ራሰ በራዎቹ ቦታዎች ሲገናኙ ማሳው ይተዋል። በ1980ዎቹ ከመሬት በታች የማጠንፈፊያ ቱቦ መቅበር ቢጀመርም ለብዙው ማሳ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ቱቦውና ፓምፑ በየጊዜው ካልተጠገኑ ደግሞ ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ1990ዎቹ ከመሬቱ ከፊሉ ለአፋር ጎሳዎች ሲመለስ ብዙው በዚህ ሁኔታ ላይ የነበረ ነው፤ የተተወውን ማሳ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ ወረሰው።

የመተሐራው ችግር የተለየ ነው። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ከ2000 በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውኃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። አሮጌው የባቡር ሐዲድና የአውራ ጎዳናው መስመር በሐይቁ መካከል ስለሚያልፉ ድልድላቸው ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ የአገዳው ማሳም ከጫፉ እየተበላ ነው። የመስፋፋቱን ምክንያት በሚመለከት ባለሙያዎች አይስማሙም፤ ከአባድርና ከኑራ ኤራ እርሻዎች የሚሰርገውን የመስኖ ውኃ ዋና ተጠያቂ የሚያደርጉ አሉ፣ የስምጥ ሸለቆውን የከርሰ ምድር እንቅስቃሴና ፍል ውኃ የሚያስቀድሙም አሉ። እኔ ወደ ፊተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም የሐይቁ እድገት የተፋጠነው መስኖው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አብረው ሊሠሩ አይችሉም የሚል የለም። የሐይቁን ውኃ በልክ እየቀነሱ ወደ አዋሽ መልቀቅ ተጀምሯል፤ ይህም መተሐራን ሲያተርፍ ከታች ያሉትን በጨው ያሰጋል። የወንጂን ፍሎራይድ በዚህ አጋጣሚ ካነሣሁ፣ እሱ ከግድቡም ሆነ ከመስኖው የመጣ አይደለም፤ ለሠራተኛ መንደሮች ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የተቀዳ የመጠጥ ውኃ ያስከተለው የጥርስና የአጥንት ሕመም ነው።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተፋሰሱ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ማጠራቀሚያዎች ተጨመሩ፤ ከሰምና ተንዳሆ። ተንዳሆ በመጠኑ ከመጀመሪያው ኮካ ጋር ይተካከላል፤ ሁለቱም በቀጥታ ለመስኖ፣ በተለይ ለአገዳ፣ የታሰቡ ነበሩ። ስኳሩ እንደታቀደው አልሆነም፤ ከማሳው ከፊሉ ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበጋ ስንዴ ተይዟል። በ2020 ክረምት ደግሞ ግድቦቹ ሞልተው ውኃ መልቀቅ ግድ ሲሆን በአፋር ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ግድብ ጎርፍን የሚገታው ክረምቱ ሲገባ ባዶ ቦታ ካለው ነው፤ ለኃይልም ለመስኖም ሲባል ሙሉ ሆኖ ክረምቱን የሚቀበል ግድብ ጎርፉ ሲመጣ አሳልፎ ይሰጠዋል እንጂ አይገታውም።

በዚህ ረገድ የኮካ ሚና መለወጥ ያለበት ይመስለኛል። በ1960 የኮካ 43 ሜጋ ዋት ሊነካ የማይችል ነገር ነበር። ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ እንዲያመነጭ በተሠራባት ሀገር የኮካን በር ለኤሌክትሪክ ተብሎ መክፈትና መዝጋት ምክንያቱ ደክሟል። የውኃ አለቃቀቁ ሥርዓት በመጀመሪያ ጎርፍን፣ ቀጥሎ የመስኖ ወቅትን እንዲከተል ተደርጎ፣ ኃይሉ የሚለቀቀው ውኃ እግረ መንገዱን የሚሰጠው ትርፍ ቢሆን አብዛኛው የተፋሰሱ ባለጉዳይ ይጠቀማል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ ልለፍ። ኮካ በደለል እየሞላ ነው የሚለው ትክክል ነው። በኋላ ዘመን የተደረጉት ልኬቶች ግድቡ ከመጀመሪያው መጠኑ ሲሶ ገደማ፣ ማለትም 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል፣ ማጣቱን አሳይተዋል። ደለሉ የሚተኛው ከግድቡ ሥር ብቻ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ እንዲያ ቢሆን ጉዳቱ ባነሰ ነበር። አዋሽና ሞጆ ወደ ሐይቁ ሲገቡ ፍጥነታቸው ስለሚሰበር ከባዱን አሸዋ በመግቢያው ላይ ይጥሉታል፤ ስለዚህ የሚጠበው በየዓመቱ የምንጠቀምበት የላይኛው ክፍል ጭምር ነው።

መጥረጉን በሒሳብ እንየው። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል፣ 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል 37 ሚሊዮን ተኩል ምልልስ ይሆናል። በቀን 1,000 ምልልስ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ቢደረግ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ መካከል የሚገባውን አዲስ ደለል ሳንቆጥር፣ የሚደፋበትንም ቦታ ሳንፈልግ ማለት ነው። በየቦዩ አፍና በፓምፕ ጣቢያዎች ፊት የሚከማቸውን መጥረግ ይቻላል፣ ይደረጋልም፤ ሐይቁን በሙሉ መጥረግ ግን የሚታሰብ አይደለም። ገንዘቡ ካለ መዋል ያለበት ከላይ፣ በተለይ በሞጆ ተፋሰስ በሚገኙት በጎርፍ የተቦረቦሩ ሸለቆዎችና በተዳፋቱ ማሳ ላይ ነው። እርከን፣ የቦረቦር መግቻና የልቅ ግጦሽ ክልከላ የጠፋውን ሲሶ አይመልሱም፤ ቀሪው ሁለት ሲሶ የሚቆይበትን ዘመን ግን ያረዝማሉ። ከላይ ያለው ገበሬ ከመስኖው አንድም ጥቅም ሳያገኝ መሬቱን ለግጦሽ ዘግቶ እንዲቆይ መጠየቁ ፍትሐዊ ስላልሆነ፣ ከታች ያሉት ትላልቅ እርሻዎች ከሚከፍሉት የውኃ ክፍያ ላይ ለእርሱ የሚደርሰው ድርሻ ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።